የቀርከሃ ቀለበት

«ቀርከሃው ከታየ አለቀልን» አለች ያይኔአበባ፣ የሚሸፍነውን ነጭ ወረቀት በልኩ እየቀደደች። «የቅርጫት ሠሪ ሥራ ነው ብለው ይስቁብናል።»

 የጓደኛዋ የቻይነሽ አባት አቶ ድረስ ቡሬ ገበያ ላይ ቅርጫት ይሸጣሉ። ፍኖተ ሰላም ለትምህርት ስትመጣ ያንን ያወቁ ልጆች ስሟን ትተው «ቅርጫት» ሲሏት ከርመዋል። ዛሬ ደግሞ የአውራጃው ጓዶች የትምህርት ቤቱን ኤግዚቢሽን ሊያዩ ይመጣሉ።

ሁለቱ ልጆች የሠሩት የጡንቻ ሴል ሞዴል ነው። ከሴሉ ቆዳ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ «ተኮማተር» የሚለው ትእዛዝ የሚያልፈው በእነሱ ነው። ቱቦው ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ፕሮቲኖች ደግፈው ባይዙት ቅርጹ ይጠፋል። ቻይነሽ ሽፋኑን በላስቲክ ሠራችው። በፕሮቲኖቹ ምትክ አባቷ የሰነጠቁትን እርጥብ ቀርከሃ እሳት ላይ እያሞቀች አጉብጣ፣ ቀለበት አድርጋ፣ ላስቲኩ ላይ ሰፋችው።

«እኔ በሽቦ ሌላ ሠርቻለሁ» አለች ያይኔአበባ። «ቆንጆ ነው። ከባሕር ዳር ተገዛ እንላለን። ማን ይጠይቀናል?»

ቻይነሽ የቀርከሃውን ቱቦ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው። 

መምህር መንበሩ ሥራቸውን ሊያዩ መጡና የሽቦውን ቱቦ ጨመቅ አድርገው ለቀቁት። እንደ ተጨፈለቀ ቀረ።

«ጡንቻ ተኮማትሮ ይመለሳል እኮ» አሉ። «እንዲህ ያለ ጡንቻ ያለውን ሰውዬ ጤፍ እጨድ ብትሉት አንዴ ጎንበስ ብሎ መቅረቱ ነው። በሉ፣ እንግዶቹ በር ላይ ናቸው።»

መምህሩ ሲሄዱ ቻይነሽ ጎንበስ ብላ የቀርከሃውን ቱቦ አነሳችና ጨመቀችው። ጠፍጠፍ አለ። ስትለቀው ቀስ ብሎ ክብ ሆነ። እንደገና ጨመቀችው፤ እንደገና ክብ ሆነ። ፈገግ አለች።

«እሺ፣ ወረቀቱን ላልብሰው» አለች ያይኔአበባ።

«ተይው።»

«አንቺ፣ ይስቃሉ።»

«ይሳቁ። ሽቦሽ እንደሁ ሞቷል።»

ያይኔአበባ ሳቋን መያዝ አቃታት። ወረቀቱን ጨብጣ ከጓደኛዋ ጎን ቆመች።

መነጽር ያደረጉ እንግዳ ጠረጴዛው ፊት ቆም አሉ። «ይህ ከየት መጣ?»

ከኋላ አንድ ተማሪ «ቅርጫት» ሲል ተሰማ። ቻይነሽ ዞራ አላየችውም።

«ከቡሬ ነው ጓድ። ቀርከሃውን የሰነጠቁት አባቴ ናቸው፤ ቅርጫት ሠሪ ናቸው። ያጎበጥሁት እኔ ነኝ።»

ቱቦውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«ይጭመቁት፤ አይስጉ።»