አርባ ሰከንድ ያለ ድምፅ

«እጅህ በደም ተነክሮ ገዳይ አይደለሁም ትለኛለህ?»

ዳይሬክተሩ ሙዚቀኛውን ኮሌታውን አንቆ ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር አጣብቆታል።

«ልቀቀኝ! ላነሣው ብዬ ነው!»

«ጭንቅላቱን ፈጥፍጠህ ልታነሣው? ትናንት ‹አንገትህን እሰብረዋለሁ› ስትለው ሁላችንም ሰምተናል!»

ሙዚቀኛው በመልስ ፈንታ በግንባሩ ገጨው። የዳይሬክተሩ ከንፈር ተሰነጠቀ። ሳጅኑ መሃል ገብቶ እስኪገላግላቸው ድረስ ሁለቱም አንድ አንድ ቡጢ አቀመሱት።

ኢንስፔክተሯ ጸቡን በጎን አልፋ ወደ ክፍሉ ገባች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ከቅጥነቷ ሳይሆን፣ አንዴ ከገባች ክር ሳታስከትል ስለማትወጣ ነው።

ሽማግሌው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። በቴሌቪዥን ድራማ መጀመሪያ ላይ፣ የተዋንያን ስም ሲያልፍ የሚታየውን አጭር ምስል፣ መክፈቻውን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። የመብራት መቆሚያው ብረት ደምና ጠጉር እንደያዘ ከእግሩ ሥር ወድቋል። ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል።

መርፌ ተንበርክካ ምንጣፉን በጣቷ ነካች። የፈሰሰው ደም ጠርዙ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። ቀና ስትል ሁለቱን ስፒከሮች አየች። የወራት አቧራ ለብሰዋል፤ የድምፅ መጨመሪያዋ ላይ ብቻ አቧራው በጣት ተጠርጓል። ወንበሩ ላይ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

«ሳጅን፣ ጩኸቱ ከተሰማ በስንት ደቂቃ ደረስክ?»

«በሩብ ሰዓት፣ ኢንስፔክተር። ያኔም እንዲሁ ደርቆ ነበር። የዚህ ልጅ ነገር ያለቀ ነው፤ ልውሰደው?»

«አልቸኮልንም።»

ሙዚቀኛው፣ በቅጽል ስሙ «ከበሮ»፣ መተላለፊያው ላይ ቆሟል።

«ስንት ሰዓት ነው የገባኸው?»

«አሥር ተኩል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለመክፈቻው የሠራሁት ሙዚቃ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ያልቃል፣ ደግሞ ይጀምራል። ደስታዬን አልቻልኩትም፣ ኢንስፔክተር! ጋሼ እኮ ሲሠራ ድምፅ ከፍቶ አያውቅም። ‹ምስሉ ያለ ከበሮ ካላስፈራ፣ ከበሮው ውሸታም ነው› ይለኛል። የምንጣላውም በዚሁ ነው። ዛሬ ተሸነፈልኝ ብዬ፣ ላመሰግነው ገባሁ።» እንባውን በክንዱ ሲጠርግ ደሙ ፊቱ ላይ ተለቀለቀ። «ገመዱን ነቅዬ ሙዚቃውን ያቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጮህኩ።»

ቀጥሎ ያናገረቻት ኤዲተሯን ነው። ከሟቹ ጋር አሥራ አምስት ዓመት የሠራች፣ መነጽሯን በጠጉሯ ላይ የሰካች ሴት ናት።

«አንቺም ሙዚቃውን ሰማሽ?»

«ሰማሁ እንጂ። እንዲያውም ‹ጠባዩን ለወጠ፣ ይሄ ሽማግሌ ሊሞት ነው እንዴ?› ብዬ ሳቅሁ።» ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች። «ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«ድምፅ እንደማይከፍት የሚያውቀው ማን ማን ነው?»

«ሲሠራ ከጎኑ የተቀመጠ ነዋ። እኔ፣ ከበሮ፣ የእህቱ ልጅ። ሌላ ሰው አያስገባም። ዳይሬክተራችን እንኳ ያለቀውን ነው አዳራሽ ውስጥ የሚያየው።»

ዳይሬክተሩ ማሳያ አዳራሹ ውስጥ ከንፈሩን በመሐረብ ይዞ ይንጎራደዳል። አዳራሹ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ እሱ ግን ኮቱን እስከ ታች ድረስ ቆልፏል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

«እኔን የሚጠይቁኝ ነገር የለም፣ እሜቴ። ከዘጠኝ እስከ አሥር ተኩል ድራማውን ሊያዩ ከመጡ እንግዶች ጋር ነበርኩ። ሰባት ምስክር አለኝ። ሙዚቃውንም አብረን ሰምተናል። ‹ስሙ፣ ሽማግሌው እየሠራ ነው› ብዬ ያሰማኋቸው እኔ ነኝ።»

«መክፈቻውን አይተውታል?»

«አላሳየኝም። ያዘዝኩት መስኮት፣ አበባ፣ የልጅ ሳቅ ነው። የደስተኛ ቤተሰብ ድራማ እኮ ነው።» ወደ ጥጉ ዞረ። «አንቺ፣ ተነሺ፤ ወደ ቤት እንሂድ።»

ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ናት። የድራማው ዋና ተዋናይት፣ የሟቹም የእህት ልጅ። ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ የወንበሩን ጠርዝ ይበልጥ ጨበጠች።

«ትንሽ ቆዩ» አለች መርፌ፤ ሴትየዋንም ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። «ልጄ፣ ከበሮ ገድሎታል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«ከበሮ ሲናደድ የራሱን ከበሮ ነው የሚቀደው።»

«እሱ ታስሮ ከሄደ፣ አንቺ ማታ ወዴት ነሽ?»

«ወደ ቤት።» ሌላ ሰው «ወደ ገደል» የሚልበት ድምፅ ነበር።

እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሸሽ መርፌ ክንዷን አየች። የጠቆረ አራት ማዕዘን ጠባሳ፣ አንድ ጥጉ የጎደለ።

«ይሄስ?»

«በር መታኝ።»

«ስንት ጊዜ ነው በሩ የሚመታሽ?»

ተዋናይቷ እጅጌዋን እስከ መዳፏ ጎተተች። መርፌ አላስጨነቀቻትም። ወደ ሟቹ ክፍል ተመልሳ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ሽማግሌው ያደርግ እንደነበረው መክፈቻውን ያለ ድምፅ ሦስት ጊዜ አየችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ከበሮ በካቴና፣ ሳጅኑ በሩ ላይ። መብራቱ ጠፋ።

ስክሪኑ ላይ የወንድ እጅ ታየ። ቀበቶ ይፈታል፤ ሳይቸኩል ሁለት ጊዜ በጡጫው ላይ ይጠቀልለዋል። ቁልፍ ከውስጥ በኩል ይዞራል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይናወጣል። የሴት ጣት የጠቆረ ጉንጭ ላይ ፓውደር ይቀባል። መጨረሻ ላይ የቀበቶው ዘለበት ወለል ላይ ወድቆ ይታያል፤ አራት ማዕዘን ነው፣ አንድ ጥጉ ተሰብሯል። በዚያ ላይ የድራማው ርዕስ መጣ። አርባ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ድምፅም ቃልም የለውም። አዳራሹ ውስጥ ግን ወደ ምን ዓይነት ቤት እንደሚገባ ያልገባው ሰው አልነበረም።

«አጥፉት!» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይቆይ» አለች መርፌ። «ደም በሩብ ሰዓት እንዲያ አይደርቅም። ሰውየው የሞተው ከዘጠኝ በፊት ነው። ሙዚቃው የተከፈተው የሞተውን ሰው በሕይወት ያለ ለማስመሰል ነው። ያ ደግሞ ለከበሮ ምን ይጠቅመዋል? አሥር ተኩል ላይ ብቻውን ገብቶ አስከሬን ታቅፎ ተያዘ። የሚጠቅመው ከዘጠኝ ጀምሮ ሰባት ምስክር ላለው ሰው ነው።»

«ይህ ግምት ነው!»

«ሙዚቃው ሲሰማ ኤዲተሯ ገርሟት ሳቀች። ከበሮ ሊያመሰግን ሮጠ። የሰውየውን ልማድ የሚያውቅ ሁሉ ግራ ገባው። ‹እየሠራ ነው› ያልከው አንተ ብቻ ነህ።» ‹አንቱታው› የት እንደቀረ ሁሉም ልብ አለ። «እንግዶቹ ሳይደርሱ ልታጣድፈው ገባህ፤ ይህንን ስክሪኑ ላይ አገኘኸው። የገዛ ቀበቶህን።»

«ቀበቶው የታለ? አሳዪኝ!»

«እኔም ፈለግሁት። ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ባዶ ነው፣ ክፍሉም ውስጥ የለም። እንግዶች በር ላይ ደርሰዋል፤ ምስሉን ለማጥፋት ጊዜ አጣህ፤ ቀበቶም በእጅህ አንጠልጥለህ አትቀበላቸውም። ኮትህን ክፈት።»

አልከፈተም። ሳጅኑ ኮቱን ቀደደው፤ አዝራሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

ወገቡ ላይ ሁለት ቀበቶ ነበር። የላይኛው ዘለበት አንድ ጥጉ የለም።

«አጎቴ ‹ስጪኝ› ሲለኝ፣ ከቁም ሣጥን አውጥቼ በጨርቅ ከረጢት የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች ተዋናይቷ። «ሰው ሁሉ ካየው በኋላ ተመለሽ የሚለኝ አይኖርም ብሎ ነው።»

«ቤቴን በአርባ ሰከንድ!» ብሎ አጓራ ዳይሬክተሩ። «ያንን አይቶ በድራማዬ ማን ይስቃል? ማን?»

ወንበር አንሥቶ ሳጅኑን አናቱ ላይ አሳረፈበትና ወደ ሚስቱ ተወረወረ። ከበሮ በካቴና የታሰሩትን እጆቹን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወደ ኋላ ጎተተው፤ ተያይዘው ወደቁ። ኤዲተሯ ባገኘችው መነጽር፣ ጫማ፣ ጠርሙስ ወረደችበት። ዳይሬክተሩ የከበሮን ጣት ነክሶ አልለቅም አለ። መርፌ ክርኑን በጉልበቷ ተጭና ስትጠመዝዘው አጥንቱ ጷ ብሎ ተሰበረ፤ ያኔ አፉን ከፍቶ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዛ። ሳጅኑ ከአናቱ የሚወርደውን ደም በኮፍያው ደፍኖ ካቴናውን ከከበሮ እጅ ወደ ዳይሬክተሩ እጅ ያዛውራል። ከበሮ «ጣቴ! ከእንግዲህ በምን ልመታ ነው?» እያለ ይጮኻል፤ ኤዲተሯ «በሌላው ምታ፣ ዘጠኝ አለህ!» እያለች በሻርፗ ታስረዋለች። መርፌ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቀበቶውን በፕላስቲክ ከረጢት ትከታለች። እንግዶቹ በሩ ላይ ተጋፍተው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ።

ተዋናይቷ ከወንበሩ ሥር ቦርሳዋን አነሣች፤ በጎን በር ወጣች፤ መንገዱን ተሻግራ ሞተሩን አስነሥቶ በቆመው፣ ወደ ቤቷ በማይወስደው አውቶቡስ ተሳፈረች።