ያልተላጠ አፍንጫ

የአፔኒሳ ሬሳ ምንጣፍ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ተጋድሟል። ጠዋት ነው ከቆርቆሮው ጣሪያ የወደቀው። ሳጅን ሎሳሊኒ ከጎርፉ ወዲህ ያየችው አራተኛ ሬሳ ነውና፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። መንደሩ እንደሆነ ፈርዶ ጨርሷል፤ ገዳዩ አብሮት ጣሪያ ይጠግን የነበረው ወንድሙ ኢላይቲያ ነው። ከሰዓት በጀልባ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሱቫ እስር ቤት ሊወሰድ ነው።

«ስትጮህበት ተሰምተሃል» አለችው።

«‹ውረድ!› ነው ያልኩት። ‹ጣሪያው ዞረብኝ› ሲለኝ ምን ላድርግ? ላጨብጭብለት?»

ሳጅኗ ምንጣፉን ገለጠች። የሟቹ አፍንጫ ለስላሳ ነው። የኢላይቲያ ተልጧል፤ አጠገቧ የቆመችው የመንደሩ ነርስ የአሴናካም እንዲሁ።

«ሲስተር፣ አፍንጫችሁን ምን ላጠው?»

«ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ክኒን ነዋ! የጎርፉን በሽታ እንዲከላከል ለየሰዉ አድዬ ነበር። ፀሐይ ላይ የዋለን ቆዳ ያቃጥላል።»

«ራስ ያዞራል?»

«እሱስ እምብዛም። የሚያዞረው ዘመዱ ሚኖሳይክሊን ነው፣ ለብጉር የሚሰጠው። እሱ ደግሞ በፀሐይ ብዙ አያስቸግርም።»

ሳጅኗ ሁሉንም ሬሳው ዘንድ ሰበሰበች። ፊቱን ብጉር የፈጀው የወንድማማቾቹ የአጎት ልጅ ታኒኤላ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ያለቅሳል።

«አፔኒሳ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ አልተላጠም» አለች። «እንግዲያው የታደለውን ክኒን አልዋጠም። ራሱን ግን አዙሮታል፤ ዘመዱን ውጧል ማለት ነው። እዚህ የብጉር ክኒን ያለው አንድ ሰው ነው። ታኒኤላ፣ ሲስተር ስታድል አንተ አልነበርክም አሉ። ያንተን አፍንጫ ማን ላጠው?»

ታኒኤላ የአፔኒሳ ስም የተጻፈበትን ፓኬት ከኪሱ አወጣ።

«ለመንኩት፣ ሰጠኝ። ባዶ እጁን እንዳይቀር የኔን ሰጠሁት። ክኒኖቹ ያው ዘመዳሞች ናቸው ብዬ።»

«እኔን ሞኟን! በየስማችሁ ጽፌ መስጠቴ!» አለች ነርሷ። እዚህ አገር ዘመድ የለመነውን መንፈግ ነውር መሆኑን እሷ አጥታው አይደለም።

«ለምን ዝም አልክ?» አለ ኢላይቲያ።

«ገዳይ እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

«እኔን ሲሉኝስ?»

ታኒኤላ እግሩ ላይ ወደቀ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። እለምንሃለሁ።»

ኢላይቲያ ሬሳውን አየ። እምቢ ማለት ከልቡ አምሮት ነበር።

«አሁንም ልመና?» አለ በደከመ ድምፅ፤ ከዚያም እጁን ይዞ አስነሣው።