የልብስ ሰፊው ቁጭ ብድግ

«ዛሬም ምልክት አድርጊልኝ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

ገና ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። ከፈተና ነው የመጣችው፤ ጭንቅላቷ ድንጋይ ሆኖባታል።

«ሠራኸው?»

«እንደሠራሁት ቁጠሪው። ለመሆኑ ምን አጥፍቼ ነው በዚህ ዕድሜዬ ቁጭ ብድግ የምቀጣው?»

ሳቀች። ለመከራከር አቅም ስላልነበራት ነው የሳቀችው። ሲስተሯ ከክሊኒክ የሰጠቻቸው ወረቀት ከመስተዋቱ ጎን ተለጥፏል፦ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ በቀን አሥር ጊዜ። የሃያ ቀኑ ሣጥን ሁሉ በእርሳስ ምልክት ተሞልቷል። እሱ ሳይሠራ ሁሉንም የሞላችው እሷ ናት። የቀረው የዛሬው ብቻ ነው፤ ቀጠሮው ነገ።

ስኳር ከያዘው ወዲህ አባቷ ከስቷል። ደንበኛው ሁሉ «ሸንቀጥ ብለሃል፣ ልጅ ሆነሃል» ይለዋል። እሱም የገዛ ሱሪውን ወገብ ሦስት ጊዜ አጥብቦ እንደ ሽልማት ያወራዋል። ሲስተሯ ግን አልሳቀችም። «መክሳት ሁሉ መዳን አይደለም» አለችው። «እያለቀ ያለው ጡንቻዎ ነው። ስኳሩን የሚያቃጥልልዎት እሱ ነበር። ቶሎ በሞት የሚያመልጡን ጡንቻ ያለቀባቸው ናቸው።»

ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳበችው።

«ተነሥ እስቲ አባዬ፣ ልለካህ።»

«ወገቤን ትናንት ለክቼዋለሁ።»

«ጭንህን ነው።»

ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ሜትሩን አዞረችበት። «አርባ ሦስት።»

ልብስ ሰፊ የሰው ልክ አይረሳም። «ሃምሳ ሁለት ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ።

ከዚያ ሳትጠይቀው ተቀመጠ፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተነሣ። አንድ። ሁለት። በአራተኛው ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። በአምስተኛው እጁ ጠረጴዛውን ፈለገ።

«በቃ፣ አሥር በይው» አለ እያለከለከ።

ላጲሷን አወጣች። ከመጀመሪያው ሣጥን ጀምራ ሃያውንም አጠፋች፤ ወረቀቱ ሳሳ። በመጨረሻው ሣጥን «4» ብላ ጻፈች።

«ሲስተሯ አራት ብቻ ስታይ ምን ትለኛለች?»

«አራት ትላለች።»

ቦርሳዋን አሁን አወረደች። ወንበሩን እጁ ጠረጴዛው ጋ እስከማይደርስበት ድረስ ጎተተችውና ከፊት ለፊቱ የራሷን አስቀምጣ ተቀመጠች፤ እንደ እሱ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣመረች።