የሐሙስ ጉበት

ዶክተር ገብረሚካኤል የተገደሉት በራሳቸው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጉበት በሚያጥቡበት ጠረጴዛና በበረዶው ሳጥን መካከል ነው። ቢላው ከቀኝ ጎድናቸው ሥር እስከ እጀታው ገብቷል። ከዚያ በፊት ፊታቸው ደጋግሞ ተመትቷል፤ አንዱ ዓይናቸው በእብጠት ተደፍኗል። ደማቸው በሲሚንቶው ላይ ወርዶ፣ ውሃ መውረጃው አፍ ላይ ረግቷል።

ቅዳሜ ጠዋት የተቆለፈውን በር ከፍታ ያገኘቻቸው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ሐና ነበረች። ኢንስፔክተር ትርንጎ ስትደርስ፣ ሐና ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ተቀምጣ ታስመልሳለች። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ገና በማለዳው ቆርቆሮውን ማንጣጣት ጀምሯል።

«ቢላውን ታውቂዋለሽ?»

«የሳልህ ነው፤ የሥጋ ቤቱ ልጅ። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ሲመለስ የፍየል ጉበት ያመጣልናል። ቢላውን እዚሁ መስኮቱ ላይ ይተወዋል።»

«ጉበቱ ምን ያደርግላችኋል?»

ሐና አፏን በመዳፏ ጠረገች። «ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ ጉበት ለታማሚ እስኪተከል በበረዶ ይቆያል። አንዳንዴ ጉበቱ ይተርፍና ውስጡ ያሉት የሐሞት ቱቦዎች ይሞታሉ። ታማሚው ድኛለሁ ብሎ ሄዶ፣ ቢጫ ሆኖ ይመለሳል። ዶክተር ‹ቱቦው ውስጥ የቀረው ሐሞት ነው የሚያቃጥለው፤ ከበረዶው በፊት ይታጠብ› ይሉ ነበር። ይህንን ነው በፍየል ጉበት የምንሞክረው።»

«ሳያጥቡ በረዶ ውስጥ ያስቀምጡ ይሆን? ሲደክማቸው እንኳ?»

«እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ ይቆርሱ ይሆናል እንጂ፣ ያንን አያደርጉም።»

ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሟቹ፣ ሐና፣ እንዲሁም ከደብረ ብርሃን እየወረደ አብሯቸው የሚሠራው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ብሩክ። ሐና ዐርብ ዕለት ወባ ጥሏት ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተተክሎላት ውላለች፤ እዚያው ማደሯን ነርሶቹ አረጋገጡ።

ሳጅን ለማ የበረዶውን ሳጥን ከፍቶ በጣቱ አመለከተ። «ጉበቱ ይኸው። ስለዚህ ልጁ ትናንት ገብቷል። በሩን ከፈቱለት፣ ገደላቸው፣ በራሳቸው ቁልፍ ቆልፎባቸው ወጣ። ምን ቀረ?»

«ምክንያቱ» አለች ትርንጎ።

ለማ ሊመልስላት ሲል ከገበያው በኩል ጩኸት ተነሣ። ወሬው ቀድሟቸዋል።

ሲደርሱ የሳልህ ሥጋ ቤት መስታወት ረግፏል። የተሰቀለው ፍየል አቧራ ላይ ተጥሎ ሰው ይረግጠዋል። አምስት ስድስት ጎረምሶች ልጁን መሬት ለመሬት ይጎትቱታል፤ አንዱ ፍልጥ አንሥቶ ክንዱ ላይ አሳረፈበት። የአጥንቱ ድምፅ ከጩኸቱ ሁሉ በላይ ተሰማ። ትርንጎ ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኮሰች።

«ገዳዩን ስጪን!» አላት ፍልጡን የያዘው። «እሳቸው የእናቴን ነፍስ ያተረፉ ሰው ናቸው!»

«እናትህን ያተረፉት አንተ ሰው እንድትገድል አይደለም። ዞር በል!»

ወደ ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በሰው ተዘግቷል። ልጁን መኪና ላይ ጭነው ወደ ላቦራቶሪው ግቢ አስገቡትና የብረት በሩን ቀረቀሩ። ሕዝቡ ተከትሏቸው መጣ። ደጋፊ ኃይል ከደብረ ሲና እስኪወርድ በሩን የሚጠብቁት አራት ፖሊሶች ብቻ ናቸው። ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ መዝነብ ጀመረ።

ሳልህ የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ወላሂ አልገባሁም፣ እትዬ። ትናንት ከዐስር በኋላ መጣሁ፤ አንኳኳሁ፤ ደወልኩላቸው። መልስ ሳጣ ተመለስኩ።»

«ያመጣኸው ጉበትስ?»

«እናቴ ጠበሰችው። በላነው።»

ለማ ሳቀ። «ማስረጃውን በላሁት አለ እንጂ! ጥርሱን እንመርምርለት?»

ትርንጎ አልሳቀችም። «ሁልጊዜ እንዴት አድርገህ ነው የምታመጣላቸው?»

«ከነሐሞቱ። እኛ ስናርድ መጀመሪያ የሐሞት ከረጢቱን ቆርጠን እንጥላለን፤ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመርራል። የመጀመሪያ ቀን እንደ ልማዴ ጥዬው ስመጣ ጋሽ ዶክተር ሣቁብኝ። ‹አንተ ልጅ፣ ሥራዬን ለውሻ ሰጥተኸው መጣህ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ፍሬሕይወት በኋላ በር ገቡ። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናቸው። አልጮኹም፤ ደረታቸውንም አልመቱም። አስከሬኑ ሲነሣ ጭንቅላቱ እንዳይንጠለጠል በሁለት እጃቸው ደግፈው ግቢው ውስጥ እስከቆመው መኪና ሸኙት። ሲመለሱ የነጠላቸው ጫፍ ደም ነክቶት ነበር። ሳልህ ፊት ቆሙ።

«ከቤቴ በልተሃል» አሉት።

ልጁ አንገቱን ደፋ።

«ጠላት ነበራቸው?» ስትል ጠየቀቻቸው ትርንጎ።

«ረቡዕ ማታ በስልክ ሲቆጣ ሰምቼዋለሁ። ‹ሴትየዋ ሞታለች፤ ቱቦዋ እኔ ዘንድ ነው፤ እስከ ሰኞ አንተ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ› ሲል። ማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሰኞ ይነግረኛል ብዬ።» ደም የነካውን የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፉት። «ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?»

ዶክተር ብሩክ ከደብረ ብርሃን የደረሰው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። በኋላ በር አስገቡት። ቀኝ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ማክሰኞ ከተመለስኩ ወዲህ ወደዚህ አልወረድኩም» አለ። «ዛሬ ስልክ ተደውሎልኝ ነው። ገብሬን! ማን ይጨክንበታል?»

«እጅዎ ምን ሆነ?»

«ጣርማ በር ላይ ጎማ ስቀይር ክሪኩ አመለጠኝ።» ወደ ሳልህ ተመለከተ። «ይኸ ልጅ ግን እዚህ ምን ያደርግላችኋል? ለሕዝቡም ለእሱም ጥሩ አይደለም። ብትወስዱት አይሻልም?»

«በየት በኩል? በኋላ በር መኪና አይወጣም» አለችው ትርንጎ። በሩ በድንጋይ ይደበደባል።

ከዚያ በደሙ አጠገብ ተንበረከከች። ከደሙ ሽታ ሥር አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሌላ ሽታ አለ። በባትሪ ጠረጴዛው ሥር ስታበራ ወፍራም የብርጭቆ ስባሪ አየች። ከስባሪው አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል የብረት ቆንጣጭ ወድቃለች። ቀና ስትል መደርደሪያው አቧራ ላይ ክብ ንጹሕ ቦታ ታየ፤ አንድ ዕቃ ከዚያ ተነሥቷል።

«ሐና፣ ይህቺን የምትጠቀሙባት ለምንድን ነው?»

«እኛ በክር ነው የምናስረው። ይህቺ በሰው ቀዶ ሕክምና ቱቦ ቆንጥጣ የምትዘጋ ናት።»

«አሁን ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጉበት አውጪልኝ። የሐሞት ቱቦውን ሰንጥቂው።»

ሐና ጓንት አጠለቀች። ቱቦው እንደ ሸምበቆ ደድሮ መቀሱን ታገለው። ሲከፈት ጥቁር አረንጓዴ ሐሞት ወጣ፤ ከሐሞቱ ጋር እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ የሆነ ትል ተንሸራቶ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ሌላም ተከተለው። ሐና መቀሱን ለቀቀችው።

«በዚህ ሁሉ ሥራችን እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም» አለች።

ትርንጎ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ጠራቻቸው። የብረቱ በር አንዱ ማጠፊያ እየተነቀለ ነው።

«ፈጠን ብዬ ልናገር» አለች። «ሳልህ ገብቷል ያልነው ይህ ጉበት ስለተገኘ ብቻ ነው። ጉበቱን እዩት። ከረጢቱ ተቆርጧል። ሳልህ ለዚህ ቤት እንዲህ አያመጣም።»

«ሲቸኩል ረስቶ ቢሆንስ?» አለ ብሩክ።

«ይሁን። ነገር ግን ቱቦው አልታጠበም። ዶክተር ገብረሚካኤል ተቀብለውት ቢሆን ያጥቡት ነበር፤ ሲያጥቡትም ትሉን ያዩ ነበር። ስለዚህ ጉበቱ በረዶ ውስጥ ሲገባ እሳቸው ሞተዋል። ሳልህ ሲያንኳኳም መልስ ያጣው ለዚህ ነው። ያስቀመጠው ሰው የፈለገው ልጁ የገባ እንዲመስል ነው፤ የሚመጣበትን ሰዓትም ያውቃል። በሩንም በራሱ ቁልፍ ዘግቶ ሄዷል፤ የሟቹ ቁልፍ አስከሬኑ ሲነሣ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።»

ሐና ደነገጠች። «ቁልፍ እኮ እኔም አለኝ።»

«አንቺ ጤና ጣቢያ ነበርሽ። ደግሞስ ይህ ጉበት ከዚህ አገር አይደለም። የሳልህ ፍየሎች ከአልዩ አምባ ቁልቁለት የሚመጡ፣ የግራር ቅጠል የሚቀነጥቡ ናቸው። ይህ ትል የረግረግ ሣር የሚግጥ በግ ሕመም ነው። እኔ የተወለድኩት ከጣርማ በር በላይ ነው፤ አባቴ በጎቹን ያጣው በዚሁ ትል ነው። ይህ የደጋ በግ ጉበት ነው። ከእናንተ መካከል ከደጋ የሚወርደው አንድ ሰው ነው።»

ብሩክ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በአንድ ትል ሰው ልትሰቅዪ ነው?»

«ትሉ መንገዱን ነው ያሳየኝ። ፋሻውን ይፍቱት።»

አልፈታም። ለማ ክንዱን ይዞ ፈታው። መዳፉ ላይ ቀጥ ያለ ጥልቅ ቁስል አለ፤ የቁስሉ ከንፈር ነጭ ሆኖ እንደ ቆዳ ደርቋል። ሐና ጠጋ ብላ አየችው።

«ፎርማሊን ነው» አለች በሹክሹክታ። «አካል ሳይበሰብስ የምናቆይበት መድኃኒት። መደርደሪያው ላይ የነበረው ብልቃጥ! የሴትየዋ ቱቦ... ዶክተር ‹የሐሞት ጠጠር ካስወጣች በኋላ የሞተች ናት› ብለውኝ ነበር።»

«የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ እርስዎ ዘንድ የሄደች ሴት ናት» አለችው ትርንጎ ብሩክን። «የከረጢቱን ቱቦ ትተው ዋናውን ቱቦ ቆነጠጡት። ቢጫ ሆና ሞተች። ቆንጣጯ ቱቦው ላይ እንዳለች ብልቃጡ ውስጥ ቀረች። ብልቃጡ በትግሉ መካከል እጅዎ ላይ ተሰበረ። ቱቦውን ለቅመው ወስደዋል፤ ቆንጣጯ ግን ጠረጴዛው ሥር ቀርታለች።»

ብሩክ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መቀስ አንሥቶ ወደ ትርንጎ ተወረወረ። ትከሻዋን ቧጨራት። ለማ በሽጉጡ ሰደፍ ጆሮ ግንዱን ሲለው ሁለቱ ወንዶች ትሎቹ ከነበሩበት ሳህን ጋር ወለሉ ላይ ወደቁ። እጁ ወደ ኋላ ሲታሰር ብሩክ ያለቅስ ነበር።

«ልገድለው አልመጣሁም! ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አንድ ስሕተት ነው፣ የማንም እጅ ይሳሳታል አልኩት። እምቢ ሲለኝ ነው የተናደድኩት። ንዴት ነው!»

ትርንጎ የትከሻዋን ደም በመዳፏ ይዛ ከላይ ተመለከተችው።

«ትናንት ዐርብ ነበር፣ ዶክተር። በእርስዎ ቤት ዐርብ በግ ይታረዳል?»

ብሩክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይታረድም፤ ጾም ነው። በጉ የታረደው ሐሙስ ነው። በስልክ ከተጣላችሁ ማግስት። ቤትዎ ያረደው ሰው እንደ ልማዱ ሐሞቱን ጣለው፤ እርስዎ ጉበቱን በበረዶ አሳደሩት። ዐርብ ሲወርዱ ይዘውት ወረዱ። የተናደደ ሰው ጉበት ይዞ አይመጣም። ሊለምኑ ሲመጡ የሳልህን መሰቀያ ይዘው ነው የመጡት።»

የብረቱ በር ወደቀ። ፖሊሶቹ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ነው። «ሳልህን! ሳልህን አውጡ!» የሚለው ድምፅ አሁን በረንዳው ሥር ነው። ትርንጎ ሽጉጧን አወጣች። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ግን ቀድመዋት ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

ፊተኞቹ አይተዋቸው ቆሙ።

«ባለቤቴን የገደለው ሳልህ አይደለም» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሰዉ ነው ለመስማት ዝም ያለው። «ዛሬ ጠዋት እኔም እሱ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን ጣሉት።»

ፍልጥ የያዘው ጎረምሳ ወደ ፊት ወጣ። «ታዲያ ገዳዩ ማን ነው፣ እትዬ? እሱን ይስጡን!»

«እሱንም አልሰጣችሁም። የእኔን ሐዘን በሰው ደም የሚያለቅስልኝ አልፈልግም። ሂዱና ድንኳን ትከሉልኝ።»

አንድ ድንጋይ መሬት ላይ ወደቀ፤ ሌላም ተከተለው። ጎረምሳው ፍልጡን አልጣለም፤ ይዞት ዞሮ ሄደ።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሳልህ አጠገብ ተንበርክከው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ አጥፈው የተሰበረውን ክንዱን ሊያንጠለጥሉበት አንገቱ ላይ አዞሩት።

«ይተዉት፣ እትዬ» አላቸው። «ደም ይነካዋል።»

«ነክቶታል» አሉትና ቋጠሩት።