ሰኞ ሰኞ የሚሞከረው ደወል

የጽዳት ሠራተኛውን አባባን ያገኟቸው ጠዋት ነው፤ በቆዳ ፋብሪካው የፍሳሽ ክፍል፣ መጥረጊያቸውን እንደጨበጡ ሞተው። ከቧንቧ የተንጠባጠበ አሲድ ከቆዳ ማጠቢያው ፍሳሽ ጋር ተቀላቅሎ መርዛም ጋዝ ሆኗል።

ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ መርማሪዋ ገባች፤ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት።

«ቫልቩን ያላጠበቀው መካኒኩ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መካኒኩ አቀረቀረ። የደህንነት ተቆጣጣሪው የእህቱ ባል ነው። ለሚስቱ ወንድም አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶት፣ አፈረ።

መርማሪዋ ቫልቩን ሞከረችው። «ጥብቅ ነው። ያፈሰሰው ያረጀው የቧንቧው ማሸጊያ ጎማ ነው። ግን አባባ ለምን አልሮጡም? ይሄ ጋዝ እኮ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል።»

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ሠርተው ምን አፍንጫ ቀራቸው!» አለ መካኒኩ። «የሚተማመኑት በጋዝ ማስጠንቀቂያው ደወል ነበር።»

«ደወሉስ ለምን ዝም አለ?»

መሰላል አስመጥታ ወጣች፤ ከደወሉ አፍ ውስጥ አቧራ የጠገበ፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት ጨርቅ መዝዛ አወጣች። ተቆጣጣሪው ወደ ቢሮው በር ዞር ብሎ አየ።

ሁሉንም ወደ ተቆጣጣሪው ቢሮ ሰበሰበቻቸው፤ ከደወሉ ግድግዳ ጀርባ ነው። ጨርቁን ከመጋረጃው የተቀደደ ጫፍ ጋር ገጠመችው። ልክክ አለ።

«እንግዲህ ወንድሜ» አለች የጠረጴዛውን መዝገብ ገልጣ ወደ ተቆጣጣሪው እያየች፣ «ቫልቩ ጥብቅ ስለሆነ መካኒኩ ነፃ ነው። ማሸጊያው ይቀየር ብሎ ከወር በፊት ጽፏል፤ አንተ ‹ስጋቱ ዝቅተኛ› ብለህ ፈርመሃል። ደወሉ በከንቱ እየጮኸ ሲያስቸግርህ አፈንከው። የደወሉ ሙከራ ቅጽ ላይ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ‹ተሞክሯል፣ ይሠራል›። አቧራው የስንት ሰኞ ነው?»

«ዛሬ ነገ አስጠግነዋለሁ እያልኩ…» አለ ተቆጣጣሪው።

መካኒኩ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «እኔን ሲከሱኝ ዝም አልክ። ይሁን። አባባስ ትናንት ማታ ሲገቡ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ምን ብለው ጠየቁህ?»

ተቆጣጣሪው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «‹ልጄ፣ ደወሉ ደህና ነው?› አሉኝ። ‹ደወሉ እያለ ምን ያሰጋዎታል› አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?» አለች መርማሪዋ።

«‹ዕድሜ ይስጥህ› ብለው መርቀውኝ ገቡ።»