የልጣጩ ውሃና የአክስቷ ረሃብ

ልጅቷ አክስቷ በምትሠራበት ጭማቂ ቤት የጓሮ በር ከች ስትል፣ አክስቷ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ቁጢጥ ብላ ዳቦ ትገምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ያለው የዛሬ ወረቀት ግን በአክስቷ የእጅ ጽሑፍ «ረሃብ፦ ከአሥር ሁለት» ይላል።

የልጅቷ የሳይንስ ሙከራ ቀላል ነበር። የብርቱካን ልጣጭ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች፣ አንጀት «ጠግቤያለሁ» የሚል ሆርሞን እንዲያመነጭ ሊያግዙት ይችሉ ይሆናል የሚል ነገር አንብባለች። ጭማቂ ቤት ደግሞ ልጣጭ በጆንያ ነው የሚጣለው። አክስቷ አምስት ቀን ንጹህ ውሃ፣ አምስት ቀን ልጣጭ የተቀቀለበት መራራ ውሃ ትጠጣለች፤ ከዚያ ከምሳ በፊት የረሃቧን ቁጥር ትጽፋለች። በንጹህ ውሃው ስምንት፣ ዘጠኝ። በልጣጩ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ከክፍሏ ወደ ሳይንስ አውደ ርዕይ የሚያልፈው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ መምህሩም ቁጥሮቹን አይቶ «ይኼማ ያልፋል» ብሏታል።

«አክስቴ፣ ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ዳቦ ነዋ! ድንጋይ መሰለሽ?» አለች አክስቷ፣ ጉንጯ እንደተወጠረ።

«ሁለት ብለሻል እኮ!»

«ታዲያ ዘጠኝ ብዬ ልጣልሽ? ያ መራራሽ እንኳን ረሃብ ሊያጠፋ፣ ቁርሴንም ጠራርጎ ወሰደው። ለአንቺ ብዬ ነው እንጂ እሱን ጠላቴም አይጠጣው!»

ልጅቷ ልትቆጣት ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። የትኛው ብርጭቆ ምን እንደያዘ፣ ምን ቁጥር እንደምትጠብቅ ሳይቀር ለአክስቷ የለፈለፈችው ራሷ ናት።

«አምስቱንም ቀን ጠጣሽው?»

«ጠብታ አልደፋሁም! አፍንጫዬን ይዤ ጭልጥ!» አክስቷ ፍርፋሪውን ከቀሚሷ አራገፈች። «ምን ያፈዝሻል? የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። አስገቢና እለፊ፣ የኔ ፕሮፌሰር።»

ልጅቷ ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሴት፣ ምሳ ሳይደርስ ያንን መራራ ለእሷ ስትል ትጨልጥላት ነበር። አንገቷን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት።

«ኧረ ልቀቂኝ፣ ደንበኛ ቆሟል!»

ልጅቷ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ከሰንጠረዡ ግርጌ ጻፈች፦ «እነዚህ ቁጥሮች አይታመኑም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የምጠብቀውን ውጤት ለተሳታፊዋ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። የልጣጩ ነገር ገና አልታወቀም።» ትንሽ አሰበችና አከለችበት፦ «ተሳታፊዋን ከልቤ አመሰግናለሁ።»

ከዚያ ወረቀቱን ይዛ፣ መምህሩ ከትምህርት ቤት ሳይወጣ ለመድረስ ሮጠች።