በጠፋ መስመር ላይ የሞተው ሰው

ሟቹን ከመብራት ምሰሶው ላይ ያወረዱት ትናንት ነው። የወገብ ቀበቶው ግን ዛሬም አናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። መርማሪዋ ከሥር ቆማ አንጋጣ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ኮረብታው መለሰች። እዚያ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ምንም እንዳልተፈጠረ ክንፋቸውን ያሽከረክራሉ። የከተማዋ ሰው «ማራገቢያዎቹ» ይላቸዋል። ከሥራቸው ያለችው ከተማ ሌላ የመስመር ሠራተኛ እስኪመጣላት መብራት የላትም። ሙቀቱ ያፍናል፤ የመርማሪዋም ስልክ ሞቷል። ገና ሥራዋን ሳትጀምር ቆሽቷ አርሯል።

«ያለቀለት ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅኑ። «ሟቹ የመስመር ሠራተኛ ነው። ኮረብታው ሥር ያለውን ማጥፊያ አጥፍቶ፣ በቁልፍ ዘግቶ፣ ሽቦ ሊጠግን ወጣ። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱን ሟቹ ኪስ ውስጥ አገኘነው፤ ሌላው የተርባይኖቹ ዘበኛ እጅ ነው። ሁለቱ ደግሞ በቅርቡ ተደባድበዋል። ዘበኛው አበራበትና ገደለው።»

«ሲያበራ ያየው ሰው አለ?»

«ማን ያየዋል? እዚያ ብቻውን ነው የሚውለው።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያለቀለት?»

ሳጅኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከሰዓት በኋላ ዘበኛውን ወደ ትልቁ እስር ቤት የሚወስደው መኪና እንደሚመጣ ነገራት። እዚህ ካደረ ሰዉ ያቃጥለዋል አለ። መኪናው አንዴ ከወሰደው በኋላ ጉዳዩን ዞሮ የሚያየው እንደማይኖር መርማሪዋ ታውቃለች። ስንቱን በዚያ መኪና ሲሄድ አይታለች።

ዘበኛው በጠባቧ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል።

«ተደባድበናል፤ አልዋሽም» አላት። «ቀን ሌሊት ተርባይን እየጠበቅኩ ቤቴ የማመሸው በሻማ ነው። ‹መብራት አስገባልኝ› ስለው ‹ተራህን ጠብቅ› አለኝ። በቡጢ አልኩት። ግን ሰው ምሰሶ ላይ እያለ አበራበታለሁ? አውሬ ነኝ እንዴ?»

ከዚያ ወጥታ የሟቹን ታላቅ ወንድም ፍለጋ ገበያው መሃል ወዳለው ለስላሳ መሸጫው ሄደች። ሰውየው ዓይኑ ደም መስሏል፤ ሆኖም እንግዳ ነችና ከማቀዝቀዣው አንድ ጠርሙስ ውሃ አውጥቶ ሰጣት።

«ጠጪ፣ እህቴ፤ ፀሐዩ ጨርሶሻል።»

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ውስጧ ራሰ።

«እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ነበር። በእጄ ነው ያሳደግኩት» አለ ወንድምየው። «እኔ ካሳ አልልም፤ ሌላም አልጠይቅም። ያበራበትን ሰው ፊት ብቻ አሳዩኝ። ልየው።»

ከሱቁ ወጥታ የከተማውን ሰው ማነጋገር ጀመረች። ስለ ሟቹ ስትጠይቅ ስለ ቢል ይነግሯታል። ተርባይኖቹ ሲተከሉ የግጦሽ መሬታችንን የሰጠነው ክፍያችሁ ይቀንሳል ተብለን ነው፤ እንኳን ሊቀንስ ጭራሽ ወጣ፤ ቢሉን የሚያመጣልን ደግሞ ሟቹ ነበር፣ ይሏታል። ከተማው ሁሉ በሟቹ ላይ ቂም ያለው መሰላት። ይህም የባሰ አበሳጫት።

ከሁሉም ባለወፍጮው አፉን ሞልቶ ተናገረ። «ብጠረጠር አይገርመኝም። የናፍጣ ሞተር አለኝ፤ ከሟቹም ጋር ዓይንና ናጫ ነበርን። ናፍጣውም ቢሉም ሲያቃጥለኝ ሶላር ላስገባ ብዬ ነበር። ከመስመሩ ጋር ሶላር ያገናኘ መብራቱ ይቆረጣል ተባለ። ማነው ያለን? እሱ ራሱ! እዚሁ ገበያ መሃል ቆሞ ነው ያነበበልን። ነፋሱን ወሰዱት፤ ፀሐዩንም ከለከሉን።»

«ትናንት ሞተርዎን አስነስተው ነበር?»

«በየትኛው ናፍጣ?»

ጤና ጣቢያው ከምሰሶው በላይ፣ ወደ ኮረብታው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ነርሷ የሞቀ የክትባት ማቀዝቀዣ ፊት ቆማ ልታለቅስ ደርሳለች።

«መብራት ከጠፋ በኋላ አንዴ እንኳ መጥቶ ነበር?» አለቻት መርማሪዋ።

«ብልጭ አላለም። መብራት ሲመጣ የምትበራው ይቺ ቀይ መብራት ትታይሻለች? ክትባቱ እንዳይበላሽብኝ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም። በኋላ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

ፀጉር ቤቱ ደግሞ ከምሰሶው በታች፣ ከወንድምየው ሱቅ ጥቂት ቤቶች ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሩ ላይ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው አኩርፎ ተቀምጧል።

«ግማሽ ራሱን ላጭቼው መብራት ሄደ» አላት ፀጉር አስተካካዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኸው ከትናንት ጀምሮ ባርኔጣውን አላወለቀም። እኔም ማሽኗን ይዤ እየተራገምኩ ቆሜ ሳለሁ በእጄ ላይ ጥዝዝ ብላ ዝም አለች። መጣልን ስል ከውጭ ጩኸት ሰማሁ።»

«የሞተር ድምፅ አልነበረም?»

«የምን ሞተር? ጭር ብሎ ነበር። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ እኮ መስታወቴ ይንቀጠቀጣል።»

ጉሮሮዋ ደርቆ ስለነበር ውሃ ለመነችው። ከጀሪካን ቀድቶ ሰጣት። ውሃው ለብ ያለ ነበር። አንድ ጊዜ ተጎንጭታ አፏ ውስጥ እንደያዘችው ደርቃ ቀረች።

«ደግ አይደለም እንዴ?» አላት ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ።

ዋጠችው። «ውሃው ደህና ነው። ጅሏ እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ያስጠራቻቸው ሁሉ በምሰሶው ሥር ሲሰበሰቡ መኪናው መጥቶ ቆሟል። ዘበኛውን እጁን አስረው አመጡት። መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ጠጋ ብላ፣ «ለብቻችን ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ» አለችው።

«ምን የሚደበቅ ነገር አለ? በሰው ፊት ይነገር!»

ደግማ ለመነችው። እንቢ አለ። ምርጫ አልነበራትም፤ የመኪናው ሞተር ተነስቷል።

«ሟቹ ሥራ ሲጀምር ሽቦውን እዚህ ላይ ፈቶ ለሁለት ከፈለው» ብላ ወደ ላይ አሳየቻቸው። «ያኛው ጫፍ ወደ ኮረብታው ይሄዳል፤ ይኼኛው ወደ ገበያው። ዘበኛው አብርቶ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ከዚህ ሳይደርስ ጤና ጣቢያውን ያገኛል። ነርሷ ዓይኗን አልነቀለችም፤ ብልጭ አላለም። ከምሰሶው በታች ግን የፀጉር ማሽን በሰው እጅ ላይ ጮኸች። ሰውየውን የገደለው ከኮረብታው አልመጣም፤ ከገበያው ነው የመጣው።»

«ከታች ወደ ላይ?» አለ ባለወፍጮው። «ገበያው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ኃይሉን የሚቀንስ አይደለም እንዴ?»

«ከላይ ሲመጣለት ይቀንሳል። ከታች የገባበትን ደግሞ አብዝቶ ወደ ላይ ይልካል።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ባለወፍጮው ላይ አፈጠጠበት። ላብ አጠመቀው።

«ተዉት» አለች። «የእሱ ሞተር ቢነሳ ከተማው ይሰማዋል። ትናንት ጭር ብሎ ነበር። ድምፅ ሳያሰማ መብራት የሚሰጥ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ተከልክላችኋል።» በጣቷ ወደ ፀሐይዋ ጠቆመች። «ዛሬ በዚህ ከተማ ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣሁ። አንዱ ለብ ያለ ነበር። ሌላው፣ ከሟቹ ወንድም ማቀዝቀዣ የወጣው፣ ጥርስ ያደነዝዛል።»

ወንድምየው አልካደም። እንዲያውም ምን እንደምትል የገባው አይመስልም ነበር።

«አዎ፣ ሶላር አለኝ» አለ። «ቢሉ ሱቄን ሊያዘጋኝ ነበር። ወንድሜ አዘነልኝና ከጓሮ፣ ከሳጥኖቹ ጀርባ ገጠመልኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ግን እኔ ያለኝን ነው የማደርገው! ‹ሶላሩን ሳታበራ መጀመሪያ ሱቁን ከመስመሩ የሚለየውን ብሬከር ዝቅ አድርግ፤ አለዚያ ወደ መስመሩ ይወጣል› ብሎኛል። በየቀኑ ዝቅ አደርጋለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትማ መብራት የለም! የሌለ መብራት ምን ብዬ አጠፋለሁ? ዝም ብዬ አበራሁት። መሣሪያው ጮኾ ጠፋብኝ። ያኔ ብሬከሩን ዝቅ ሳደርገው ተነሳ፤ ከዚያ...»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ቀስ ብሎ አንጋጠጠና ቀበቶውን አየ።

ሳጅኑ የዘበኛውን እጅ ፈታ። ዘበኛው ግን አልሄደም፤ ያበጠ ከንፈሩን ይዞ ወንድምየውን ሲያየው ዓይኑ እንባ ሞላ። ወንድምየው ማንንም ሳያይ ወደ መኪናው ሄደ፤ በሩን ራሱ ከፍቶ ገባና ዘጋው።

«ኧረ ምን ላድርግ?» አለ ሳጅኑ ግራ ገብቶት። «ምን ብዬ ልክሰሰው?»

ዘበኛው ተርፏል፤ እውነቱም ወጥቷል፤ ሆኖም መርማሪዋ እንዲህ የተሸነፈችበት ቀን ትዝ አይላትም። ኮረብታው ላይ ሄዳ አንድ ነገር መስበር አማራት።

ወደ ሱቁ ገባች። ማቀዝቀዣው በባዶው ሱቅ ውስጥ ያጉረመርማል። ብሬከሩን ለማውረድ እጇን ዘረጋች። ዝቅ ብሎ ነበር፤ ልክ ወንድሙ እንዳስተማረው። ሶላሩን አጠፋችና ሱቁን ዘግታ ወጣች።